ፒ0135 ሲመጣ ኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት በቴስተር ለካ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የ2002 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ከአሜሪካ የመጣች ናት። ከሁለት ወር በፊት የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0135 አለ። ቤንዚንም መብላት ጨምራለች፤ በፊት በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ገደማ ነበር፣ አሁን 12 ደርሳለች። አንዱ መካኒክ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር አለኝ። ሌላው ካታሊቲኩን እናውጣውና ትገላገላለህ አለ። ሦስተኛው ኮዱን አጠፋልኝ፣ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። የቱን ልስማ? ራሴስ መቀየር እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ ካታሊቲኩን፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጽጃ፣ እናውጣው ያለህን ሰው አትስማ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ። ሴንሰሩን ቀይር ያለህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ሳይለካ መናገሩ ነው። ኮዱን ያጠፋልህ ደግሞ ብልሽቱን አልነካውም። ቶዮታ ይህን ዓይነት ጥፋት በተከታታይ ሁለት ጉዞ ካላየው መብራቱን አያበራም። እሱ ካጠፋው በኋላ መኪናዋ እንደገና ሁለቴ አየችውና አበራች። ያሳለፍካቸው ቀናት ትርጉማቸው ይኸው ነው።

ራስህ መቀየር ትችላለህ። 22 ቁልፍ፣ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) እና ትዕግሥት ካለህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከዛገ ግን ግማሽ ቀን ሊበላህ ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ የምትሄድበት መኪና ከሆነ እሑድ ከሰዓት አትጀምረው።

አሁን ኮዱ ያለውን በደንብ እንስማ። ፒ0135 ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይልም። የሚለው፣ ከካታሊቲክ በፊት ያለው ሴንሰር የማሞቂያ መስመሩ ችግር አለበት ነው። መስመር ሲባል ማሞቂያው አለ፣ ሽቦው አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ፊውዙ አለ። ይህን ኮድ ይዘው አዲስ ሴንሰር ገዝተው፣ አስገብተው፣ መብራቱ አልጠፋ ብሏቸው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። የአንዱ ሽቦ አይጥ በልቶት ነበር። ሴንሰሩ ምንም አልነበረበትም።

ማሞቂያ ለምን አስፈለገ? ሴንሰሩ ውስጥ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ አለ። አንዱ ጎኑ ጭሱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ጎኑ ንጹሕ አየር ይነካዋል። በሁለቱ ጎን ያለው የኦክስጅን መጠን ሲለያይ ሴራሚኩ ትንሽ ቮልት ያመነጫል። ቤንዚን በዝቶ ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከጠፋ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል። ኦክስጅን ከተረፈ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ዓላማው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲገባ ነው። ነገር ግን ሴራሚኩ 300 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አንዲት ቃል አይናገርም። ቦሽ በ1976 ለቮልቮ ያቀረበው የመጀመሪያው ሴንሰር ማሞቂያ አልነበረውም፤ ጭሱ እስኪያሞቀው ይጠበቅ ነበር። ማሞቂያ የተጨመረበት በ1982 ነው። ያንተ ሴንሰር አራት ሽቦ ያለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው።

ስለዚህ ማሞቂያው ብቻ ከሞተ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ቀለበት መንገድ ላይ ለቀቅ አድርገህ ስትነዳ ጭሱ ራሱ ያሞቀዋል። ጠዋት ስትነሣና ትራፊክ ላይ በሚኒሞ ስትቆም ነው የሚታወረው። ይህን ያዝልኝ፤ ስለ ቤንዚኑ ስናወራ እንፈልገዋለን።

ልኬቱ ይኸውልህ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ከሴንሰሩ የሚወጣውን ገመድ ተከትለህ ሶኬቱን አግኝ። የዴንሶ ሴንሰር ከሆነ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ ሽቦ ታያለህ። ጥቁሮቹ የማሞቂያው ናቸው። ሌሎች አምራቾች ሁለት ነጭ ያደርጋሉ፤ ቀለማቸው አንድ የሆኑት ሁለቱ ማሞቂያው ናቸው ብለህ ያዝ። ሶኬቱን ከመንቀልህ በፊት መቆለፊያዋን ጫን፤ ከ20 ዓመት በላይ በሙቀት የኖረ ፕላስቲክ ስለሆነ ገመዱን ይዘህ ብትጎትተው ይሰበራል። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግ። በሴንሰሩ በኩል ባለው ሶኬት የሁለቱን ጥቁሮች ጫፍ ንካ። ቶዮታ የሚፈልገው በ20 ዲግሪ አካባቢ ከ11 እስከ 16 ኦም ነው። 13 ካየህ ማሞቂያው ጤነኛ ነው፤ ብርህን ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ። ቴስተሩ ጨርሶ ካላነበበ ግን ውስጡ ተበጥሷል፣ ሴንሰሩም ይቀየራል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ነበር ማለት ነው።

ማሞቂያው ጤነኛ ከሆነ ወደ መኪናው በኩል ዙር። ቁልፉን ኦን ላይ አድርግ፣ ሞተሩን ግን አታስነሣ። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ከማሞቂያው ሁለት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ አድርግ። በአንዱ የባትሪው 12 ቮልት መኖር አለበት። ከሌለ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣህ እይ፣ ሽቦውንም በእጅህ እየዳሰስክ ተከተል። በተለይ ጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍበትን ቦታ እይ። አንድ ጊዜ የጭስ ቧንቧ ሲበየድ ሽቦው ቧንቧው ላይ ተጋድሞ ቀርቶ ሽፋኑ ቀልጦ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ስምንት ወር በዚያ መብራት ነድቷል። በሙቀት መከላከያ ሸፍነን ወደ ቦታው አሰርነው፣ አለቀ።

ወደ ቤንዚኑ እንምጣ። ከ9 ወደ 12 ሊትር መውጣት ብዙ ነው። በእኔ ግምት ማሞቂያው ብቻውን ይህን ያህል አያስበላም። አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የምትሄድ ከሆነ የተወሰነውን ያስረዳል፤ የቀረውን ግን ሌላ ቦታ ፈልግ። መጀመሪያ የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ፦ ቴርሞስታትህ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው፣ አለ ወይ? እኛ አገር ሞተር አንድ ቀን ከሞቀ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ ሕክምና ይቆጠራል። ያንተ ሞተር ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ነው። ከወጣ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል። በአዲስ አበባ ብርድ፣ በተለይ ጠዋት፣ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ሥራ ቦታህ ትደርሳለህ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ካንዴላ አውጥተህ እይ፤ ጫፉ ጥቀርሻ ከለበሰ ነገሩ እየገባህ ነው። ሩቅ ከሄድክ በኋላም የሙቀት መለኪያው መርፌ መሀል ሳይደርስ ከቀረ ወይም ረጅም መንገድ ላይ ወደ ታች ከወረደ ቴርሞስታቱን አስገባ። ዋጋው ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።

ከቻልክ ደግሞ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘዋን ትንሿን የኦቢዲ ማንበቢያ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነበውን፣ ግዛ ወይም ተዋስ። ከመሪው ሥር ትሰካለች። ኮድ ብቻ አትይ፤ ሞተሩ እየሠራ ያለውን ቁጥር ታሳይሃለች። ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ በ2500 ዙር ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘው፣ ከዚያ የፊተኛውን ሴንሰር ቮልት ተመልከት። ከ0.1 እስከ 0.9 እየወጣ እየወረደ መጫወት አለበት። የቶዮታ መመሪያ በዚህ ዙር በ10 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜና ከዚያ በላይ እንዲወዛወዝ ይፈልጋል። ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ከሆነ አርጅቷል፣ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። 0.45 አካባቢ ደርቆ ከቀረም እንዲሁ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ጠርጥር።

ከታች ወይም ከላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን ቆም በል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው። ሴንሰሩ የሚያየውን ነው የሚናገረው። አየር በዛ ካለ፣ ምናልባት በእርግጥም አየር በዝቶ ይሆናል። የአንዲት ቪትዝ ነገር ልንገርህ። ባለቤቷ በዓመት ውስጥ ሁለት ሴንሰር አስቀይራለች። ኮዷ ፒ0171 ነበር፣ ማለትም አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል። ሁለቴም ሴንሰሩ ተፈርዶበት ወጣ። እኔ ጋ ስትመጣ የመጀመሪያውን የወጣ ሴንሰር በፌስታል ይዛው ነበር። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ በእጄ ጎንበስ አደረግኩት። በእጥፋቱ ሥር፣ ከላይ በማይታይበት በኩል፣ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፈተ። ጎማውን ለቀቅ ሳደርገው ተመልሶ ተዘጋ። ሁለት መካኒክ ያላየው ለዚህ ነው። ጎማው ተቀየረ፣ መብራቱ ጠፋ። በፌስታል የነበረውን ሴንሰር ለካሁት፤ ደህና ነበር።

ያንተ ሞተር፣ ዋን ዜድ ዜድ የሚባለው፣ የራሱ የታወቀ በሽታ አለው። አየር የሚያስገባው ማኒፎልድ ላይ ያለው ጉርኒሲዮን በዕድሜ ይደርቅና ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባል። ጠዋት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይረጋል፣ ፒ0171 ይጽፋል። አንተ ጋ ይህ ኮድ አልመጣም፤ ቢመጣ ግን ሴንሰር አትወቅስ። እንዲሁም ከሴንሰሩ በፊት ጭሱ ቧንቧ ላይ ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይሳባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን አየሁ ይላል። ኮምፒውተሩ አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። መኪናዋ በከንቱ ትጠጣለች። ጠዋት በቀዝቃዛው ስታስነሣ ከፊት በኩል ቲክ ቲክ የሚል የጭስ ድምፅ ካለ እዚያ ፈልግ።

ለክተህ ማሞቂያው ሞቷል እንበል። ግዢው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የጭስ ቁጥጥር ጽሑፍ አንብብ። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ላይ የሴንሰሩ ዓይነት ተጽፎበታል፤ ኤች ኦ 2 ኤስ (HO2S) ካለ ከላይ የነገርኩህ ዓይነት ነው። ኤ/ኤፍ ኤስ (A/FS) ካለ ሌላ ዓይነት ነው፣ ማሞቂያው ከ11 እስከ 16 ኦም አይደለም፤ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ግን ሌላውን አይተካም። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ሴንሰር ይዘህ ሂድ ወይም እሱ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሣ። በቶዮታ ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለ፦ አንዱ ራሱ የሚጠመዘዝ፣ ሌላው በሁለት ዳዶ የሚታሰር። ሶኬቱንም አመሳስል።

ያገለገለ ሴንሰር አትግዛ። ከሌላ መኪና የወጣ ራዲያተር ወይም በር እገዛለሁ፣ ሴንሰር ግን አልገዛም። ዘይት ከሚያቃጥል ሞተር ይውጣ፣ ወድቆ ሴራሚኩ ይሰንጠቅ፣ ከውጭ አይታወቅም። ዴንሶ ወይም ኤንቲኬ ካገኘህ እሱን ምረጥ። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያ ላይ ስላለ ደግሞ እዚያው ቴስተር አውጥተህ ማሞቂያውን ለካ። ባለሱቁ ቅር አይለውም፤ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ ሂድ።

ሶኬት የሌለው፣ ሽቦው ተቆርጦ የሚቀጠል ሴንሰርም ይሸጣል። ዋጋው ይቀንሳል። ካለህ አማራጭ ሶኬት ያለውን ግዛ። መቀጠል ግድ ከሆነ በስታኞ አታስበይደው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ንጹሑን አየር የሚያገኙት በራሱ በሽቦው ውስጥ፣ በክሮቹ መካከል ነው። ስታኞው ያንን መተንፈሻ ይደፍነዋል። በሚጨመቅ ማያያዣ ይሥሩልህ። በዚሁ ምክንያት ሶኬቱ ላይ ግሪስ አትቀባ።

ማውጣት። ከዋዜማው ማታ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሥሩ ላይ ደብልዩ ዲ 40 ወይም ተመሳሳይ ዘይት እርጭ፣ አሳድረው። ጠዋት ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ አሥራውና አጥፋ። ሞቅ ያለ ብረት ይለቃል፤ በጣም የጋለ ግን እጅህን ያቃጥላል። ወፍራም ጓንት አድርግ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። ከሥር የምትገባ ከሆነ በክሪክ ብቻ ቆማ አትግባ፤ መደገፊያ አድርግ። ይህን ነገር ሰው ቸል ሲለው አይቻለሁ፣ ስለዚህ እደግመዋለሁ፦ ክሪክ መኪና ማንሻ ነው፣ ሰው ሥሩ አይተኛም።

አሮጌው መሞቱን ለክተህ ካረጋገጥክ ሽቦውን ቁረጠው። ከዚያ ክብ ዓይን ያለውን 22 ቁልፍ ከላይ ማስገባት ትችላለህ፣ አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ ግን ጠርዙን ይበላዋል። እየተንቀጠቀጠ በጉልበት ከመሳብ አንዴ ጠንከር ያለ ምት ይሻላል። ትንሽ ላላ ካለ በኋላ እንደገና ከጠበቀ አትታገል፤ ትንሽ መልሰው፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና አውጣ። ጥርሱን ይዞ ከወጣ በኤም 18 በ1.5 ጥርስ ማውጫ ማስተካከል ይቻላል። በዳዶ የሚታሰረው ከሆነ ዳዶዎቹ ሲበጠሱ ነው ችግር የሚመጣው፤ ዘይቱን እዚያ ላይ አብዛው።

ማስገባት ቀላል ነው፣ ግን አምስት ደቂቃ ተጠንቀቅ። የአዲሱን ጫፍ በእጅህ አትንካው። ከወደቀ አትጠቀምበት፣ ውስጡ ሴራሚክ ነው። ጥርሱ ላይ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው የተቀባ ቅባት አለ፤ ካለ ሌላ አትጨምር። ከሌለ ለሴንሰር የሚሆነውን ሙቀት የሚችል ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ ስስ አድርገህ ቀባ። ተራ ሲሊኮን ጉርኒሲዮን እዚያ አካባቢ አትጠቀም፣ ትነቱ ሴንሰሩን ይመርዛል። በዳዶ የሚታሰረው ከሆነ አዲስ ጉርኒሲዮን አስገባ። መጀመሪያ በእጅህ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው፣ ከዚያ በቁልፍ አጥብቀው፤ የሚጠመዘዘው 44፣ ዳዶዎቹ 20 ኒውተን ሜትር ናቸው። ሶኬቱን የምትሰካው ከጠመዘዝክ በኋላ ነው፣ አለዚያ ገመዱ ይጠማዘዛል። ገመዱን በፊት ታስሮበት በነበረው ቦታ መልሰህ እሰር፣ ጭስ ቧንቧውን እንዳይነካ።

ባትሪውን ስታስር ኮዱ ምናልባት ራሱ ጠፍቷል፤ ካልጠፋ በማንበቢያው አጥፋው። ሁለት ሦስት ቀን እንደ ወትሮህ ንዳ። ኮምፒውተሩ የቤንዚን ሒሳቡን እንደገና ይማራል፤ የመጀመሪያው ቀን ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጥ። ፍጆታውን ለመለካት ታንኩን ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ እዚያው ማደያ ተመልሰህ እንደገና ሙላ። በመለኪያው መርፌ ብቻ አትፍረድ።

አሁን ካታሊቲኩ። ሁለት ሴንሰር አለህ። የፊተኛው ቤንዚኑን ያዛል። የኋለኛው በዋናነት ካታሊቲኩ መሥራቱን ይጠብቃል። ያንተ ኮድ የፊተኛው ነው፤ ካታሊቲኩ ቢወጣ ፒ0135 ከቦታው አይነቃነቅም። እንዲያውም የኋለኛው ሴንሰር ሌላ ኮድ፣ ፒ0420ን፣ ይጨምርልሃል። ታዲያ ለምን እናውጣው ይሉሃል? ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፣ ገዢ አለው። ሁሉም መካኒክ ለዚህ ብሎ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ በቅንነት መኪናው ይተነፍሳል ብለው ነው። ግን ዕቃው ያንተ ነው፣ ከወጣም ጭሱን የሚተነፍሱት ከኋላህ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። ካታሊቲኩን ማዳን ከፈለግክ ቤንዚን በዝቶ መንዳትን አታቆይ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን እዚያ ገብቶ ሲቃጠል ነው ውስጡ የሚቀልጠው።

ሌሎች የድሮ መኪና ያላቸው አንባቢዎች እንዳይደናገሩ አንድ ነገር ልጨምር። ካርቡራተር ያለው ዲኤክስ ያለህ ሰው ይህን ሴንሰር አትፈልግ፣ የለም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡ አንዳንድ የድሮ ቶዮታዎችም ካታሊቲክም ሴንሰርም ሳይኖራቸው ነው የተሠሩት። ኮፈኑ ሥር ትንሽ የኮድ ሣጥን ያላቸው የ90ዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ቲ ኢ 1 እና ኢ 1 በሽቦ ሲገናኙ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይቆጥራል፤ ሁለት ጊዜ፣ ቆም ብሎ አንድ ጊዜ ካለ 21 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር።

አንተ ግን ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሁለቱን ጥቁር ሽቦ ለካ። ያየኸውን ኦም፣ መርፌው የት ላይ እንደሚቆምና ቴርሞስታቱ መኖር አለመኖሩን ጻፍልኝ። ከዚያ መግዛት አለመግዛቱን አብረን እንወስናለን።